የመነጽር ለኪው ትንፋሽ

በረመዳን ጾም በሦስተኛው ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ አንዲት ሴት ፊቷን ዘወር አደረገች። ነገሩ ይኸው ነው። አልተቆጣችም፣ አፍንጫዋን አልያዘችም፣ አንዲት ቃልም አልወጣትም። ለመነጽር ልትለካ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ሳለች፣ ለኪው ጠጋ ብሎ «ወደ እኔ ይመልከቱ» ቢላት፣ አገጯን በጥቂቱ ወደ መስኮቱ አዞረችና መልሳ አየችው። ማስመሪያው እንኳ ከአፍንጫዋ ላይ አልወረደም። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ግን የለኪው ሰላም ወጥቶ ሄደ።

ሰውየው መነጽር መለካት ከጀመረ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። የሥራ ባልደረቦቹ «ሚሊ» ይሉታል፤ ስለ አንዲት ሚሊሜትር ከማንም ጋር ተከራክሮ ስለማይደክመው ነው ስሙ የወጣለት። ቁመቱ አጠር ያለ፣ ጢሙ ገብስማ፣ ጣቶቹ እንደ ሴት ጣት ቀጫጭን። የሚለካበት ቦታ በሱቁ ጥግ፣ ከመስኮቱ አጠገብ ነው፤ ፊት ለፊት የተቀመጡ ሁለት ወንበሮች፣ አንድ መስታወት፣ በትንሽ ጽዋ የቆሙ ቀጫጭን እስክሪብቶዎች። ሰውየው ከደንበኛው ጋር ጉልበት ለጉልበት ገጥሞ ይቀመጣል። ፍሬሙን በደንበኛው ጆሮ ላይ ያሳርፋል፣ የገዛ ዓይኑን ከደንበኛው ዓይን ጋር እኩል እስኪሆን ዝቅ ያደርጋል፣ አንዱን ዓይኑን ይጨፍናል፣ ከዚያ በፍሬሙ ላይ ባለው ባዶ መስታወት ላይ ምልክት ያደርጋል። በሁለቱ አፍንጫዎች መካከል አንድ ስንዝር እንኳ አይቀርም።

አንድ ስንዝር ማለት ደግሞ ለጾመኛ አፍ ምንም ማለት አይደለም።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። አፍንጫም ያው ነው፤ የገዛ አፉን ሽታ የሚነግረው የለም። ሚሊ ያን ቀን ወደ ኋላ ክፍል ገብቶ በመዳፉ ላይ ተነፈሰና አሸተተ። እጁ የመስታወት ማጽጃ ብቻ ሸተተው። እንደገና ተነፈሰ። እንደገና የመስታወት ማጽጃ። ይህ ጭራሽ አባሰበት።

ጥርሱን የማያጸዳ ሰው ሆኖ አይደለም። ጎህ ሳይቀድ ለሱሁር ከበላ በኋላ በብሩሽ ይቦርሻል፣ ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄድ መፋቂያውን ኪሱ ይዞ እስከ ቀትር ድረስ ይፍቃል። ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ግን አይነካውም። አባቱ ናቸው እንዲህ ያስተማሩት። «የጾመኛ አፍ አላህ ዘንድ ከሚስክ ሽቶ የበለጠ ያውዳል» ይሉት ነበር፤ «ከዙሁር በኋላ የሚፍቅ ጾመኛ ሽቶውን በገዛ እጁ እንደሚደፋ ሰው ነው።» ሚሊ ይህን ቃል ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ አንድም ቀን አላፈረሰም።

በዚያው ምሽት ካፈጠሩ በኋላ፣ ሚስቱ ሳህኖቹን ስታነሳ፣ «እስቲ አሽትቺኝ» አላት።

«ምንህን?»

«አፌን።»

«ሠላሳ ዓመት አብረን ኖረን ዛሬ ነው የምትጠይቀኝ?» አለችና ሳቀች። «ደግሞ አሁን በልተሃል። ነገ ከቀትር በኋላ ና፣ ያኔ እነግርሃለሁ።»

በነጋታው እውነትም ከሥራ ቀደም ብሎ ወጥቶ መጣ። እሷም ዳቦ ቤት ስትሸጥ ውላ ገና መግባቷ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ «ሃ!» አለ። እሷም እንደ ሐኪም ጠጋ ብላ አሸተተች።

«አላህ ዘንድ ከሚስክ ይበልጣል» አለችው።

«አንቺስ ዘንድ?»

«እኔ ዘንድማ... የጾመኛ አፍ ነው። ተዘግቶ የዋለ ቤት ሲከፈት ይሸታል፤ ቤቱ ቆሽሾ ግን አይደለም። አንተ መስኮቱን ክፈተው! ውኃ በማታ ደህና አድርገህ ጠጣ፣ ምላስህን ፋቅ፣ ሽንኩርቱን ለሱሁር አታብዛ። ከሰዓት በኋላም መፋቂያህን አንሳ። እኔ ይኸው እፍቃለሁ፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ፊት ቆሜ ነው የምውለው።»

«አባቴ...»

«አባትህ እኮ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ እኔ ሳገባህ አንድም ጥርስ አልነበራቸውም!»

እሷ በሳቅ ፈረሰች። እሱ ግን ፊቱን አጠቆረ። በአባቱ ቀልድ አይወድም፤ ደግሞ ነገሩ እውነት ስለሆነ አናደደው።

ምክሯን ግን በግማሹ ወሰደ። ለሱሁር ሁለት ትልልቅ ብርጭቆ ውኃ ጠጣ፣ ቅርንፉድ አኘከ፣ ምላሱን በማንኪያ ጀርባ ፋቀ፣ ጥርሱንም ድዱ እስኪደማ ቦረሸ። ድዱ ሲደማ ደግሞ የንጋቱ አዛን ብሎ ጾሙ ተጀምሮ ነበርና ደሙን ዋጥኩት ይሆን ወይ ብሎ ቀኑን ሙሉ ሲብሰለሰል ዋለ። ለሶላት ሲታጠብ፣ ውዱ ሲያደርግ፣ አፉን አንዴ ይጉመጠመጥ የነበረው ሰው አራት አምስቴ ይጉመጠመጥ ጀመር፤ በተጉመጠመጠ ቁጥር ጠብታ ወደ ጉሮሮዬ አመለጠች ብሎ ይደነግጣል። ተፍቶ፣ ተፍቶ፣ ምራቁ ሲያልቅ አፉ ይደርቃል። የደረቀ አፍ ደግሞ የባሰ እንደሚሸት ማን ይንገረው!

አንድ ቀን የአፍ መሸፈኛ አድርጎ መጣ። ትንፋሹ በመሸፈኛው ጫፍ ሽቅብ እየወጣ የገዛ መነጽሩን ጉም አለበሰው። ከኋላ ክፍል ሌንስ የሚሞርደው ሞራጁ መጋረጃውን ገልጦ አየውና፣ «አንተ፣ ከድስት ላይ ነው እንዴ የምትለካው?» አለው። መሸፈኛውን አውልቆ ኪሱ ከተተ።

በመጨረሻ ራሱ ያገኘው ዘዴ ቀላል ነበር። ፍሬሙን በደንበኛው ጆሮ ላይ ያሳርፋል፤ አንድ ትልቅ ትንፋሽ ይስባል፤ ይይዘዋል። ከወንበሩ ግማሽ ተነስቶ ቀና ይላል፤ ምናልባት ትንፋሹ ቢያመልጠው በደንበኛው ራስ ላይ አልፎ እንዲሄድ ነው። ምልክቱን በፍጥነት ያደርጋል። ከዚያ ፊቱን አዙሮ፣ እስክሪብቶ የወደቀበት መስሎ ጎንበስ ብሎ፣ ይተነፍሳል። ቀድሞ ሦስት ጊዜ ይለካ የነበረው ሰው አሁን አንዴ ብቻ ነው የሚለካ፤ ትንፋሽ ከዚያ በላይ አይበቃማ።

በአሥረኛው ቀን የመጀመሪያው መነጽር ተመለሰ።

አንድ ሹፌር ነው ያመጣው። ከላይ ለሩቅ፣ ከታች ለቅርብ የሚያሳይ መነጽር ነበር። «መንገዱ ከግማሽ በታች ይደበዝዝብኛል» አለ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሁለት ሌሎች መጡ። አንዱ «ደረጃው ወደ እኔ ይነሳል» አለ፤ ሌላው መነጽሩን ጠረጴዛው ላይ ወረወረ።

የሱቁ ባለቤት ሱቁን ከአባቷ የወረሰች ወጣት ሴት ናት። ሚሊ ልጅ ሆና ወንበሩ ሥር ስትጫወት ያውቃታል፤ ዛሬም «ጋሼ» ነው የምትለው። በሩን ዘጋችና አጠገቡ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ምን ሆነዋል? በሃያ ስድስት ዓመት ሦስት አልተመለሰብዎትም፤ አሁን በሦስት ቀን ሦስት።»

«ይመስለኛል...»

«ዓይንዎ ደከመ እንዴ?»

ሚሊ መሬት መሬቱን አየ። እውነቱን ይናገር? «ልጄ፣ አፌ ይሸታል ብዬ እያፈርኩ ነው» ይበላት? ለዚህች በእጁ ላሳደጋት ልጅ?

«ሳይደክም አይቀርም» አለ።

እሷም ቀስ ብላ፣ እያዘነች፣ ያሰበችውን ነገረችው። ፊትን ፎቶ አንስቶ የሚለካ መሣሪያ ሻጮች አሳይተዋታል። ልኬቱን እሷ ትይዘዋለች፤ እሱ ከኋላ ክፍል ሆኖ ፍሬም ያስተካክላል፣ ብሎን ያጠብቃል። «ሥራዎ አይቀርብዎትም፤ ወንበሩ ብቻ ነው። ለአሁኑ ይቆይ፤ አንድ ተጨማሪ ከተመለሰ ግን...» ብላ አቆመች።

ወንበሩ ብቻ! ከኋላ ክፍል መስኮት የለውም። የሌንስ ማሽን ይጮኻል፣ ውኃ ይንጠባጠባል፣ ሞራጁ ለራሱ ያንጎራጉራል። ደንበኛ አይገባበትም። ሚሊ ደግሞ በሃያ ስድስት የሥራ ዓመታቱ አንድ ነገር ብቻ ነበር የለመደው፤ የሰውን ፊት ከቅርብ ማየት። አዲስ መነጽር አድርጎ የገዛ እጁን መስመር ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሽማግሌ ፊቱ እንዴት እንደሚበራ እሱ ነው የሚያውቅ። ያን ቀን ወደ ቤቱ ሲሄድ እግሩ አላርፍ ብሎት ሦስት ጊዜ ሰፈሩን ዞረ።

የፈሩት ይደርሳል። በአሥራ አራተኛው ቀን አንዲት መምህርት መጣች።

መምህርት በጡረታ የወጣች፣ ሰባ ዓመት የሞላት ቀጥ ያለች ሴት ናት። በስድስተኛው ቀን ነበር የለካት፤ በአሥራ አንደኛው መነጽሯን ወስዳለች። አሁን ግራ እጇ በፋሻ ተጠቅልሏል። መነጽሩን በቀኝ እጇ ይዛ የሱቁን በር በትከሻዋ ገፋች።

«ደረጃ ስወርድ መጨረሻዋን እርከን አላየኋትም» አለች። «ወድቄ የእጄን አንጓ መታሁ። አልተሰበረም፤ ታመመ እንጂ።»

ባለሱቋ ወንበር አመጣችላት፣ ውኃ አመጣችላት፣ ይቅርታ ጠየቀቻት። ሚሊ መነጽሩን ተቀበለ። ወደ ኋላ ክፍል ገባና ለሞራጁ ሰጠው።

«ነገ ጠዋት ይመለሱ፣ እኔው ራሴ እለካዎታለሁ» ስትል ባለሱቋን ከመጋረጃው ወዲያ ሰማት።

ሞራጁ መነጽሩን በመብራት አየ፣ በማስመሪያ ለካ፣ ከዚያ የተመለሱትን ሦስቱን ከመሳቢያው አውጥቶ አጠገቡ ደረደረ። ከሚሊ ጋር እኩያ ናቸው፤ እሱ ጾመኛ አይደለም፣ ምላሱም እንደ ሌንስ መሞረጃው ነው።

«ና እስቲ አንተ ዕውር» አለው። «ይህን ሩቁን ከቅርቡ የሚለየውን መስመር እይ። ሦስት ሚሊ ከፍ ብሏል። ይህኛው ሁለት ተኩል፤ ከፍ። ይህኛው ሦስት፤ ከፍ። የሹፌሩም ከፍ። ዓይንህ ቢደክም ኖሮ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ትል ነበር። ያንተ ሁሉም ከፍ ነው። የደከመ ዓይን እንዲህ አይቀናም።»

ሚሊ የመምህርትን መነጽር አንስቶ መስመሩን አየ።

«ከወንበሩ ነው የምትነሳው። ከላይ ሆነህ ቁልቁል ያየኸው ነገር መስታወቱ ላይ ከፍ ብሎ ይወጣል፤ ይህን ለእኔ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ለምንድን ነው የምትነሳው? ኪንታሮት ነው?»

«አይ ኪንታሮት!»

«ታዲያ?»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ሚሊ መጋረጃውን አይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አፌ ነው» አለ። ስለ ሦስተኛው ቀን ሴት ነገረው። ሞራጁ አንዴ ሊስቅ አፉን ከፈተና የመምህርትን መነጽር አይቶ ዘጋው።

«እኔ በየቀኑ ምሳዬን አጠገብህ እበላለሁ» አለ በመጨረሻ። «ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት። አንድ ቀን ፊትህን አዙረህብኝ ታውቃለህ?»

ሚሊ ያን ቀን የከሰዓቱ አስር ሶላት ሳይደርስ መስጊድ ደረሰ። ግቢው ውስጥ ከውኃ ቧንቧዎቹ አጠገብ፣ በድንጋዩ መቀመጫ ላይ፣ አሮጌው ኢማም ተቀምጠው ጥርሳቸውን ይፍቃሉ። ጸሐይ ዘቅዝቃለች። ሚሊ ቆሞ አያቸው። ጥግ ጥጉን፣ ከዚያ ምላሳቸውን፣ እየተፉ፣ እንደ ማንኛውም ሰው ይፍቃሉ።

«ሼህ፣ ከዙሁር በኋላ ነው እኮ» አለ፣ ሳያስበው።

«አውቃለሁ ልጄ፣ ሰዓት አለኝ።»

አጠገባቸው ተቀመጠና የአባቱን ቃል ነገራቸው። ኢማሙ መፋቂያቸውን አጥበው በመሐረብ ጠቀለሉ።

«የአባትህ ቃል ሥር አለው፤ አታቃለው። ከዙሁር በኋላ መፋቅን የማይወዱ ዑለማዎች፣ ሊቃውንት፣ አሉ። ቀኑን ሙሉ የሚወዱትም ብዙ ናቸው፤ እኔ ከነሱ ጋር ነኝ። ጾም ያፈርሳል ያለ ግን የለም፣ የሚዋጥ ነገር ከሌለው። ሽታው ከባዶ ሆድ የሚመጣ ነው። የተወደደው ጾመኛው ስለ አላህ ብሎ መታገሡ ነው እንጂ፣ አፍህን አቆሽሽ ተብለህ አልታዘዝክም።»

«የጥርስ ሳሙናስ?»

«እሱን ለሌሊት ተወው፤ ወደ ጉሮሮ ይሾልካል ብዬ እሰጋለሁ። እንጨቱ ይበቃል። ፍርፋሪውን ትፋ።»

ሚሊ ግን አልተነሳም። ስለ መምህርት አንጓ ነገራቸው።

«ሚዛን የሚያጎድል ነጋዴ ብታይ ምን ትለው ነበር?» አሉት። «አንተ የሰው ዓይን ላይ አጎደልክ። ከዚህ የአፍህ ሽታ ይሻል ነበር።» ከዚያ ድንገት የገዛ መነጽራቸውን አውልቀው አዩት። «ይህንስ አንተ አይደለህም የለካኸው? መቼ ነበር?»

«ካቻምና ነው ሼህ። እርስዎ ደህና ነዎት።»

«አልሃምዱሊላህ» አሉና መልሰው አደረጉት።

ሚሊ ቧንቧው ላይ ተጎንብሶ መፋቂያውን ከኪሱ አወጣ። አርባ ሰባት ዓመት ሙሉ በጾም በዚህ ሰዓት አፉ ገብቶ አያውቅም። አባቱ ከኋላው የቆሙ መሰለውና ዘወር አለ፤ አንድ ሰውዬ እግሩን እያጠበ ነበር። ፋቀ። እንጨቱ ደረቅና መራራ ነበር። ተፋ፣ ደግሞ ፋቀ፣ ደግሞ ተፋ። ልቡ አልረካም፤ እጁ ግን ሥራውን ጨረሰ።

በነጋታው ጠዋት መምህርት ስትመጣ ባለሱቋ ማስመሪያውን ይዛ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሚሊ ሄዶ አጠገቧ ቆመ።

«ልጄ፣ ተነሺልኝ።»

«ጋሼ፣ ያን ቀን ተነጋግረን...»

«አንዴ ብቻ። ከዚያ የፈለግሽውን አድርጊ።»

ተነሳች፤ ግን ከአጠገባቸው አልራቀችም። ሚሊ ተቀመጠ። ጉልበቱ ከመምህርት ጉልበት ጋር ገጠመ።

«መምህርት፣ አንድ ነገር ልንገርዎት» አለ፤ ጆሮው እስኪቀላ ድረስ አፍሮ። «ጾመኛ ነኝ። ያን ቀን አፌ ይሸትዎታል ብዬ ትንፋሼን ይዤ፣ ከወንበሬ ተነስቼ ለካሁዎት። ለዚህ ነው መስመሩ ከፍ ያለው። እጅዎ የታመመው በእኔ ነው።»

መምህርት አፍጥጣ አየችው።

«እኔ ደግሞ ልትወድቅብኝ መስሎኝ ነበር!» አለች። «ፊትህ በርበሬ መስሎ፣ ጉንጭህ ተነፍቶ... ይህ ሰውዬ እላዬ ላይ ሊሞት ነው ብዬ ወደ ኋላ ሸሸሁ። አርባ ዓመት ሕፃናት አስተምሬአለሁ ልጄ። ያውም ዝናብ ሲዘንብ መስኮት ተዘግቶ! ያንተ አፍ ነው እኔን የሚያስደነግጠኝ? ተንፍስና ለካኝ።»

ከመጋረጃው ኋላ ሞራጁ ሲስቅ ተሰማ። ባለሱቋ ግን አልሳቀችም።

«ጋሼ፣ ይህን ለእኔ መንገር አቅቶዎት ነው ዓይኔ ደክሟል ያሉኝ?»

«ዓይን ቢደክም የሚስቅ የለም፣ ልጄ።»

ዝቅ አለ። ዓይኑ ከመምህርት ዓይን እኩል ሆነ። ትንፋሹ ወጣ፣ ገባ፣ እሱም እየሰማው አላቆመውም። ምልክት አደረገ፤ አጠፋ፤ ደግሞ አደረገ፤ ደግሞ አጠፋ። ሦስተኛው ምልክት ከሁለቱ ጋር በአንድ ቦታ ላይ አረፈ።

«የመምህርት መነጽር ልክ ከሆነ ወንበሩ የእርስዎ ነው» አለች ባለሱቋ፣ በቀስታ። «ካልሆነ ግን ጋሼ፣ እኔም ሌላ ሰው ማስወደቅ አልችልም።»

መነጽሩ ሰባት ቀን ፈጀ። ሚሊ በነዚያ ቀናት የሹፌሩንና የሁለቱን ሰዎች መነጽር እንደገና ለካ። ከዙሁር በኋላ ወደ ጓሮ ወጥቶ ይፍቃል፤ ማታ ውኃውን ይጠጣል፤ ሚስቱም «መስኮቱ ተከፈተ!» እያለች ታላግጥበታለች። እንቅልፉ ግን አልተመለሰም። በሦስተኛው ቀን ፊቷን ያዞረችው ሴት ለምን እንዳዞረች አሁንም አያውቅም። መነጽሯን ወስዳለች፤ ጥያቄ አልጠየቀችም፤ ምናልባት መስኮቱ ላይ ወፍ አይታ ይሆናል።

በሃያ ሁለተኛው ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ መምህርት መጣች። ሚሊ አዲሱን መነጽር በጆሮዋ ላይ አሳረፈላት። ጋዜጣ አነበበች፣ በመስኮቱ ሩቅ ያለውን ማስታወቂያ አነበበች። «ጥሩ ነው» አለች። ግን ሁሉም የሚጠብቀው ይህን አልነበረም። የሱቁ በር ከመንገድ ሁለት እርከን ከፍ ብሎ ነው የተሠራው።

ሚሊ በሩን ከፈተላት፣ ክንዷን ሊይዝም እጁን ዘረጋ።

«አትንካኝ» አለች። «ከያዝከኝ በምን አውቃለሁ?»

በሩ ከኋላዋ ተዘጋ። ባለሱቋ ከመደርደሪያው ኋላ ወጣች፤ ሞራጁ እርጥብ እጁን በሽርጡ እየጠረገ መጋረጃውን ገለጠ። ሚሊ ግንባሩን በበሩ መስታወት ላይ ለጠፈ። መምህርት የመጀመሪያውን እርከን ወረደች። ሁለተኛው ላይ ቆመች። እንደ ዶሮ አንገቷን ዝቅ አደረገች፣ ቀና አደረገች፣ የጫማዋን ጫፍ አየች። አንድ ብስክሌት አለፈ። ከዚያ እግሯን አነሳችና አስፋልቱ ላይ፣ በልኩ፣ ቀስ አድርጋ አሳረፈች። ሳትዞር በፋሻ የተጠቀለለ እጇን ከፍ አድርጋ አውለበለበችና ወደ ቀኝ ታጠፈች።

«አንተ ሰውዬ፣ ተንፍስ እንጂ!» አለው ሞራጁ።

ሚሊ ያኔ ነው ትንፋሹን ይዞ መቆሙን ያወቀው። ለቀቀው፤ የበሩ መስታወት ከፊቱ ጉም ለበሰ። በእጅጌው ጠረገና ዞረ። ባለሱቋ ማስመሪያውን በወንበሩ ላይ አስቀምጣለት ወደ መደርደሪያዋ ተመልሳ ነበር። በሩ ላይ አንድ ወፍራም ሰውዬ የተሰበረ መነጽሩን በሁለት እጁ ይዞ «ዛሬ ይለካል?» እያለ ይገባል።

«ይለካል፤ ይቀመጡ» አለ ሚሊ። ኪሱ ውስጥ መፋቂያውን በጣቱ ዳሰሰ፣ መኖሩን አረጋገጠ፣ ከዚያ ዝቅ ብሎ ተቀመጠ።